ሦስት ቁልፍና አንድ አንገት

እኔ ከሥዕል ጋር ጠብ አልነበረኝም። ፍቅርም አልነበረኝም። ደብረ ታቦር ተወልጄ፣ ደብረ ታቦር ተምሬ፣ ደብረ ታቦር አንድ መሥሪያ ቤት ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ማኅተም የምመታ ሰው ነኝ። ሥዕል የማውቀው ምግብ ቤት ግድግዳ ላይ ነው፦ አንበሳ፣ ፏፏቴ፣ ቀለም ቀቢው ሞቅ ያለው ቀን ደግሞ ከፏፏቴ የሚጠጣ አንበሳ። ሽሮዬን እየጠቀለልኩ ቀና እላለሁ፣ አንበሳው ያየኛል፣ አየዋለሁ፣ ወደ ሽሮዬ እመለሳለሁ። እንዲህ ተከባብረን ስንኖር ነው እንግዲህ ያ ሙዚየም የተከፈተው።

ሙዚየሙ ያለበትን ደብር ስም አልጠራም። ከከተማው ወጣ ብሎ ነው፣ በባጃጅ ይደርሳል፤ ይህን ካወቃችሁ ይበቃል። ስሙን የማልጠራው ማንንም ፈርቼ አይደለም። ስሞት የምቀበረው እዚያው ስለሆነ ነው። ከጎረቤት ጋር ተኳርፎ መኖር ይቻላል፤ ከመቀበሪያው ጋር ተኳርፎ የሚኖር ሰው ግን አላየሁም። ንዴቴ ግን ዛሬም አልበረደም። ባለቤቴ «እስካሁን? ኧረ በእመቤቴ፣ ተወው!» ትለኛለች። አልተወውም! እስቲ እናንተ ስሙና ፍረዱኝ፤ ከዚያ በኋላ ተው ካላችሁኝ እተወዋለሁ። እሷንም አብራችሁ ገላግሏት።

ነገሩ የመጣው በአክስቴ በእትዬ የሻረግ ነው። እትዬ የሻረግ የአባቴ ታላቅ እህት ናቸው፤ በአባት አንድ፣ በእናት ሁለት። የሚኖሩት እብናት ነው። እናታቸው የሞቱት እሳቸው ገና ጡት ሳይጥሉ ነው። ፎቶ የለም። በዚያ ዘመን እብናት ውስጥ ፎቶ ያለው ማን ነው? ያለው አንድ ሥዕል ብቻ ነው። እናታቸው ልጅ አጥተው ብዙ ዘመን ሲያለቅሱ ኖረው፣ «ልጅ ብትሰጪኝ ሥዕልሽን አሠርቼ አስገባለሁ» ብለው ለእመቤታችን ስለት ተሳሉ። እትዬ የሻረግ ተወለዱ፤ ሥዕሉም ተሠርቶ እዚህ ደብር ገባ። በእኛ አገር ደንብ ደግሞ ሥዕል ያሠራ ሰው እሱም ከሥዕሉ ግርጌ፣ ከእመቤታችን እግር ሥር፣ ተንበርክኮ ይሣላል፤ ስሙም ከጎኑ ይጻፋል። እንግዲህ የእትዬ የሻረግ እናት በዚህ ዓለም ላይ የቀሩት በዚያች ጥግ ብቻ ነው።

እሷም ጥግ አልታይ ብላ ኖረች። ሥዕሉ በጧፍ ጭስ ጠቁሮ ዕቃ ቤት ተጥሎ ነበር። እትዬ የሻረግ በልጅነታቸው አንዴ ተለምኖላቸው ቢያዩት ከድስት ቂጥ አልለይ ብሏቸው ተመለሱ። ከዚያ ወዲህ «ሳልሞት እናቴን ልያት» እንዳሉ ነው። «ሳልሞት» ማለት ሲጀምሩ እኔ አላገባሁም ነበር፤ አሁን ልጄ ዩኒቨርሲቲ ገብታለች።

አንድ ነገር ልጨምርና ወደ ንዴቴ እመለሳለሁ። አያቴ፣ የእትዬ የሻረግም የአባቴም አባት ማለቴ ነው፣ ጠላ ሲቀምሱ ስለ መጀመሪያ ሚስታቸው አንገት ማውራት ይወዱ ነበር አሉ። «መቃ አንገት! ውሃ ስትጠጣ በጉሮሮዋ ሲወርድ ይታያል!» ይህን የሚሉት ሁለተኛዋ ሚስታቸው፣ የእኔዋ ሴት አያት፣ እንስራ ይዘው ቆመው እየሰሙ ነው። ሴት አያቴም ዝም ይላሉ፣ ዝም ይላሉ፣ ከዚያ ትንሿን የሻረግን ዞር ብለው ያዩና «ምነው ታዲያ ለዚች ምንም ሳታወርሳት ሄደች?» ይላሉ። እትዬ የሻረግ ገና በልጅነታቸው እንቅርት ወጥቶባቸው ነበራ! በእኛ ደጋ እንቅርት ብርቅ ሆኖ አይደለም፤ ግን መቃ አንገት ካላት እናት የተወለደች ልጅ ላይ ሲሆን ነገሩ ይከብዳል። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ እትዬ የሻረግ ነጠላቸውን አንገታቸው ላይ እንደጠመጠሙ ናቸው። ፀሐይ ቢያነድ ጠምጥመው፣ ሰርግ ቢሄዱ ጠምጥመው፣ ሲበሉም ጠምጥመው። በእኛ ቤት ስለ አንገት አይወራም። አንድ ጊዜ ለሥራ ብዬ ከረባት አስሬ ቤት ብገባ፣ እናቴ እትዬ የሻረግ መኖራቸውን በዓይኗ ጠቅሳ «አውልቅ!» ብላኛለች።

እንግዲህ «ያ ሥዕል ታጥቦ፣ ጠርቶ፣ ሙዚየም ገብቷል» የሚል ወሬ እብናት ደረሰ። በማግሥቱ ጠዋት፣ ገና ቁርሴን ሳልጨርስ፣ እትዬ የሻረግ በመጀመሪያው ሚኒባስ መጥተው በሬ ላይ ቆሙ። አዲስ ቀሚስ፣ አዲስ ነጠላ፣ በእጃቸው የጠበል ጠርሙስ።

«እትዬ፣ ይግቡ እንጂ፣ ቁርስ ይቅመሱ!»

«አልቀምስም። እሷን ሳላያት እህል በአፌ አይዞርም። ደሞ ላሜ ልትወልድ ቀኗ ነው፣ በማታው መኪና መመለስ አለብኝ። ተነስ የኔ ጌታ።»

ተነሣሁ። ከመሥሪያ ቤት አስፈቀድኩ፣ ባጃጅ ያዝኩ፣ ደረስን። አንድ ክፍል የብሎኬት ቤት ነው፤ ቆርቆሮው አዲስ፣ በሩ ብረት። በሩ ላይ ሦስት ቁልፍ ተንጠልጥሏል። አንዱ ብቻውን ጎተራ የሚጠብቅ ነው፤ ሦስቱ ባንድ ላይ ሲታዩ ውስጥ የታሰረ ሰው ያለ ይመስላል። በሩ አጠገብ አስጎብኚው ቆሟል። አንገቱ ላይ ባጅ አንጠልጥሏል። ንጹሕ፣ ትሑት፣ ሥልጠና የወሰደ ልጅ ነው፤ እንዲህ ዓይነቱን ሰው መስደብ እንዴት እንደሚያስቸግር አታውቁም።

«እንኳን ደህና መጣችሁ። ግን መክፈት አልችልም» አለ፤ ሁለቱንም ባንድ ትንፋሽ።

«ለምን?»

«የእኔ ቁልፍ አንዱ ብቻ ነው። አንዱ ቄሰ ገበዙ ጋ ነው፣ አንዱ ገንዘብ ያዡ ጋ ነው። ሦስታችን ካልተገኘን አይከፈትም፤ ደንብ ነው። አንድ ሰው ብቻውን ገብቶ ቅርስ እንዳያወጣ ነው።»

«ሦስታችሁ ተስማምታችሁ ብታወጡስ?»

ልጁ ደነገጠ። ይህ ጥያቄ ሥልጠናው ላይ አልነበረም መሰለኝ። እትዬ የሻረግ እጄን ቆንጠጥ አደረጉኝ። «ዝም በል፤ እንዳይከለክሉን» አሉኝ በሹክሹክታ። እኔ ዝም የምል ሰው አይደለሁም፤ ለእሳቸው ስል ግን ዝም አልኩ።

ቄሰ ገበዙ ወንዝ ማዶ ተዝካር ሄደዋል፤ ስልካቸው ዝግ ነው። ገንዘብ ያዡ፣ ወፍጮ ቤት ያላቸው የከተማው ሰው፣ የሐሙሲት ገበያ ቀን ስለሆነ እህል ሊገዙ በሌሊት ወርደዋል። ደወልኩላቸው።

«ቁልፉ!» አልኩ።

«ማን?»

«የሙዚየሙ ቁልፍ!»

«ስንዴ ነው የምገዛው፣ ጤፍ አልፈልግም!» አሉና ዘጉት። አህያ ሲያናፋ ይሰማ ነበር፤ እሳቸው የሰሙት እኔን ይሁን አህያውን እግዜር ይወቀው። ደግሜ ደወልኩ። ደግሜ ደወልኩ። በመጨረሻ ገባቸው፤ «ለሚኒባስ ሾፌር እሰጠዋለሁ፣ መናኸሪያ ጠብቀው» አሉኝ። እሺ!

እንግዲህ ጥበቃ ነው። እትዬ የሻረግ በሩ ፊት ለፊት ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ፤ ጠርሙሳቸውን አቅፈው በሩን ያያሉ። ተነሱ፣ ጥላ ሥር እንሁን ብላቸው እንቢ አሉ። አስጎብኚው ደግሞ ዝም ብሎ መቆም አልሆነለትም፤ ማስጎብኘት ጀመረ። በተዘጋ በር ፊት! እጁን ወደ ብረቱ ዘርግቶ፣ «ከዚህ በስተጀርባ በቀኝ በኩል የምናገኘው ሥዕል...» ይላል።

«ልጄ፣ ከዚህ በስተጀርባ የማገኘው ቁልፍ ነው» አልኩት።

አልሰማኝም። «ጥበብን ማራኪ የሚያደርጋት ምንድን ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ከምሬ ነው የምላችሁ፣ ጠየቀኝ። መልሱንም ራሱ ሰጠ፤ አንደኛ የቀለም ስምምነት፣ ሁለተኛ የመስመር ፍሰት፣ ሦስተኛ ኮምፖዚሽን። ኮምፖዚሽን! አንዲት አሮጊት ሆዳቸው ባዶ፣ ዓይናቸው በር ላይ ተተክሎ፣ እሱ ስለ መስመር ፍሰት ይነግረኛል። ደሜ ፈላ። ግን ጥያቄው፣ ልጁን እግዜር ይይለትና፣ ከጭንቅላቴ አልወጣ አለ። እውነት ሰው ሥዕል ፊት ቆሞ የሚደርቀው ለምንድን ነው? ያ የምግብ ቤቱ አንበሳ ቀለም አላነሰውም፤ እንዲያውም ቀለም ተርፎት ጥርሱ ሳይቀር ቢጫ ነው። ግን እሱን ብሎ ሽሮውን ያቀዘቀዘ ሰው አላየሁም። ወይስ ነገሩ መደበቁ ነው? ሦስት ቁልፍ ሲንጠለጠልበት ነው የሚያምረው? እንደዚያ ከሆነማ በአገራችን ያለው የመሥሪያ ቤት መጸዳጃ ሁሉ ድንቅ ጥበብ ነው፤ ቁልፉ አንድ ቀን በቦታው ተገኝቶ አያውቅም።

በዚህ ዓይነት ከራሴ ጋር ስጨቃጨቅ ቆየሁና መናኸሪያ ሄድኩ። ከሐሙሲት የሚመጣው ሚኒባስ አልደረሰም። ሌላው ደረሰ፣ ያ አይደለም። ሦስተኛው ደረሰ፣ ያም አይደለም፤ ሾፌሩ ግን «ቁልፍ ከፈለግህ የኔን ውሰድ፣ ይቺን መኪና ገላግለኝ» ብሎ ቀለደብኝ። ከሚቀልድ ሾፌር አይጣላችሁ! እኔ ሰዓቴን አያለሁ፤ የእብናቱ የማታ መኪና እዚያው ጥግ ቆሞ ሰው መጥራት ጀምሯል። ቢሞላ ይሄዳል። እንዳያመልጣቸው ብለው እትዬ የሻረግ እናታቸውን ጥለው ወደ ላማቸው ይሮጣሉ። ከዚህ በኋላ ይመለሳሉ ወይ? ጉልበታቸውን አየሁት፤ ጠዋት ከባጃጅ ሲወርዱ እኔ ነኝ የደገፍኳቸው። ሌላ ዕድል የለም።

በመጨረሻ ትክክለኛው ሚኒባስ ገባ። ሾፌሩ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር አቀበለኝ። ባጃጅ ውስጥ ዘልዬ ገባሁ፤ «ንዳው!» አልኩ።

ስደርስ ቄሰ ገበዙ ከተዝካር ተመልሰዋል። ደርባባ ሽማግሌ ናቸው፤ መቋሚያቸውን ተደግፈው፣ ጠግበው፣ ደስ ብሏቸው ቆመዋል። መስቀል ተሳልመን የሳቸው ቁልፍ ገባ፣ ተከፈተ። የአስጎብኚው ገባ፣ ተከፈተ። የኔን ጋዜጣ ፈታሁ፣ ቁልፉን አስገባሁ። አይዞርም። ገለበጥኩት። አይዞርም። አስጎብኚው ተቀብሎ አየውና በጣም በትሕትና «ይሄ የወፍጮ ቤቱ ይመስለኛል» አለ።

ከዚያ በኋላ ያልኩትን ሁሉ አልጽፈውም፤ ቅጥር ግቢ ውስጥ ነበርን፤ እስከ ዛሬ ንስሐ አባቴ እስኪረሱት እጠብቃለሁ። ወፍጮውን ረገምኩ፣ ስንዴውን ረገምኩ፣ ሐሙሲትን ከነገበያዋ ረገምኩ። ቄሰ ገበዙ እስክጨርስ ጠበቁኝ።

«ምን ያጯጩህሃል ልጄ?» አሉ ቀስ ብለው። ከዚያ ሦስቱ ቁልፍ ካለበት ጎን ተነስተው ወደ ሌላኛው ጎን፣ ወደ ማጠፊያው ሄዱ። መቋሚያቸውን ከሥር አስገቡ፣ ወደ ላይ ፈንቀል አደረጉት። በሩ ከማጠፊያው ወለቀ። ዘወር አደረጉትና ሰው የሚያሳልፍ ክፍተት ሆነ። «ግቡ» አሉ።

እኔ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። «አባ... በዚህ በኩል ይከፈት ነበር?»

«እኛማ ሁልጊዜ በዚህ ነው የምንገባ። ገንዘብ ያዡ መቼ ይገኛል?»

«ታዲያ ቁልፉ ለምንድን ነው? እኔስ መናኸሪያ ስንከራተት የዋልኩት ለምንድን ነው?»

«ደንብ ነዋ ልጄ» አሉ፤ እንደ ሕፃን አዩኝ። አስጎብኚው ይህን ጉድ ከእኔ ጋር ያየው ያን ዕለት ነው፤ ሲያስጎበኝ የከረመበትን በር ዞሮ ዞሮ ያየዋል። እኔ ደግሞ ለመጮህ አየር ስስብ፣ እትዬ የሻረግ በአጠገቤ አልፈው ገብተዋል።

ውስጡ ይጨልማል። አስጎብኚው የስልኩን መብራት አበራ። ከበሮ አለ፣ ጃንጥላ አለ፣ አንድ እግሩ የጎደለ አትሮንስ አለ፤ ሁሉም ላይ ወረቀት ተለጥፏል። በስተመጨረሻው ግድግዳ ላይ ሥዕሉ፣ እንደ ደንቡ በመጋረጃ ተሸፍኖ። ቄሰ ገበዙ መጋረጃውን በመቋሚያቸው ጫፍ ገለጥ አድርገው ያዙት።

እትዬ የሻረግ መጀመሪያ ለእመቤታችን ሰገዱ፤ በእኔ ድጋፍ ተነሱ። ከዚያ ዓይናቸውን ቀስ አድርገው ወደ ታች አወረዱ።

ከእግሯ ሥር፣ በግራ ጥግ፣ አንዲት ሴት ተንበርክካለች። ነጭ ቀሚስ ለብሳለች፤ እጆቿን ዘርግታለች፤ ዓይኖቿ ትልልቅ ናቸው። ግን የእመቤታችንም ዓይን ያው ነው፤ የመላእክቱም ያው ነው፤ ሰዓሊው አንድ ዓይነት ዓይን ተምሮ ለሁሉም ያደለው ይመስላል። እትዬ የሻረግ ከእነዚያ ዓይኖች ምንም እንዳላገኙ ፊታቸው ላይ አየሁ። ከአገጯ በታች ደግሞ ሴትዮዋ የለችም። ከአገጯ እስከ ደረቷ ወረቀት ተለጥፎባታል! በኮላ ግጥም ተደርጎ! እንዲህ ይላል፦ «ሥዕለ ማርያም። ሰዓሊው ያልታወቀ። ያሠራው ያልታወቀ። መንካት ክልክል ነው።»

«ያሠራው ያልታወቀ?» አልኩ። ድምፄ ለራሴም አስፈራኝ። «ያሠራችው ይቺ አይደለችም? ይኸው ተንበርክካ! ይኸው እጇን ዘርግታ! ከዚህ በላይ ምን ትሁንላችሁ፣ መታወቂያ ታውጣ? ሴትዮዋን በገዛ ሥዕሏ ላይ አሽጋችሁ ‘አላወቅናትም’ ትላላችሁ? ይሄን የሚያህል ግድግዳ እያለ!»

«አንገቷስ?» አሉ እትዬ የሻረግ። እኔን አልሰሙኝም። «አንገቷን ለማየት ነው የመጣሁት። መቃ ነው ያሉትን።»

አስጎብኚው ጉሮሮውን ጠረገ። «እማማ፣ ሆን ብዬ ነው እዚያ ላይ የለጠፍኩት» አለ። «ሥዕሉ ሲታጠብ እዚያ ጋ ጉድለት ወጣ። ሰዓሊው እጁ ስቶት ይሆናል፣ እዚህ ጋ...» እጁን ወደ ራሱ ጉሮሮ ወሰደ፤ «እብጠት ነገር። ለእንግዳ ደስ አይልም፣ ውበቱን ያበላሸዋል። መግለጫውም የግድ አንድ ቦታ መለጠፍ ስላለበት...»

ቄሰ ገበዙ ዓይናቸውን መሬት ላይ ጣሉ። እኔ ወደ እትዬ የሻረግ ለመዞር አልደፈርኩም። ስዞር፣ እጃቸው የገዛ ነጠላቸውን ጨብጧል፣ አንገታቸው ላይ።

«እብጠት?» አሉ። «ምን ላይ?»

ልጁን አሁን ገባው፤ ፊቱ ተለዋወጠ። እኔ ግን ለእሱ የማዝን ሰው አልነበርኩም፤ ዘልዬ ወረቀቱን በጥፍሬ ልገነጥለው ስል ቄሰ ገበዙ «ተው!» ብለው ጮኹ። «ቀለሟን ይዞ ይነሣል!» እውነታቸውን ነው። ጥጉን ነካ ሳደርገው ኮላው ከሥዕሉ ጋር አንድ ሆኗል፤ ብስበው አንገቷ አብሮ ይመጣል። በዕድሜዬ እንደዚያ ተናድጄ፣ እንደዚያ እጄን ሰብስቤ የቆምኩበት ጊዜ የለም። ወረቀቱን ትቼ ልጁን ልገነጥለው አማረኝ።

«ዞር በል» አሉኝ እትዬ የሻረግ።

ከሥዕሉ ሥር በርከክ አሉ። የጠርሙሱን ክዳን ከፈቱ፣ የነጠላቸውን ጫፍ በጠበል ነከሩ፣ ወረቀቱን ከጥጉ ጀምረው ዳበስ ዳበስ ያደርጉት ጀመር። የተኛ ሕፃን ፊት የሚጠርጉ ነው የሚመስሉት።

«እማማ፣ እርጥበት ለቅርስ...» አለ ልጁ፣ ሳያስበው።

«ዝም በል ልጄ። የእናቴን አንገት ነው የማብሰው።»

መብራቱን ጠጋ አደረገላቸው። ቄሰ ገበዙ መጋረጃውን እንደያዙ ክንዳቸው ዛለ፤ መቋሚያው ሲንቀጠቀጥ መጋረጃውም ይንቀጠቀጣል። ልያዝልዎት ብላቸው ራሳቸውን ነቅንቀው እንቢ አሉኝ። ወረቀቱ ረጠበ፣ ላመ፣ ጥጉ ተነሣ። እትዬ የሻረግ አልቸኮሉም። የማታው መኪና እየሞላ መሆኑን የማውቀው እኔ ነኝ፤ ሆኖም አልተነፈስኩም። ኮላው ቀስ ብሎ ለቀቀ፤ ወረቀቱ እንዳለ እጃቸው ላይ ወደቀ።

እንቅርት!

ደህና አድርጎ የወጣ፣ ድቡልቡል፣ ቦታውን ያስከበረ እንቅርት። ሰዓሊው አላለፈውም፣ በነጠላም አልሸፈነውም። ይልቅ ዙሪያውን ጥላ ሰጥቶ አውጥቶታል። በላዩ ላይ ንቅሳት አለ፤ ድሮ ሴቶች «ለእንቅርት መድኃኒት ነው» እያሉ አንገታቸውን ዙሪያውን የሚነቀሱት። ያችን ሰማያዊ መስመር ተከትሎ፣ እብጠቱ ላይ ስትወጣና ስትወርድ፣ ነጥብ በነጥብ ሥሏታል። ከጎኗም ወረቀቱ ሸፍኖት የነበረ ጽሕፈት ብቅ አለ፦ «ወለተ ሥላሴ»። የእናታቸው የክርስትና ስም።

የልጁ ጥያቄ ያኔ ተመለሰልኝ፤ በንዴት መሃል ነው የተመለሰልኝ። ሰዓሊው የመላእክቱን ፊት ከየኔታው ነው የተማረው። ዓይኑንም፣ አፍንጫውንም፣ የልብሱን እጥፋትም ተምሮ ነው ያመጣው። ያችን አንገት ግን ማንም አላስተማረውም። ቁጭ ብሎ፣ አይቶ ነው የሣላት። ከዚያ ግድግዳ ሁሉ እግሬን ተክሎ ያስቀረኝ ያ ብቻ ነው። ሴትዮዋም «እንዳለሁ አድርገኝ» ብላው መሆን አለበት፤ አለዚያ የትኛው ሰዓሊ ይደፍራል? ለምና ልጅ ያገኘች ሴት ናት፤ ልታመሰግን ስትመጣ ከእመቤታችን የምትደብቀው ምን አላት? ይህንን ነው እንግዲህ ያ የተማረ ልጅ ጉድለት ብሎ ያሸገው።

አያቴስ? መቃ ነው ያሉት? ወይ ዋሽተዋል፣ ወይ ወደዋታል፤ እኔ እንጃ። ግን በዚያ ሁሉ ዘመን፣ ያቺ ትንሽ ልጅ ነጠላዋን ጠምጥማ ስታድግ፣ ስትዳር፣ ስታረጅ፣ «እናትሽም ነበራት» የሚላት አንድ ሰው ይጥፋ? አንድ ሰው! አያቴ ያውቃሉ። ጎረቤት ያውቃል። አገር ያውቃል። አንድ ቃል ነበር እኮ! ባለቤቴ እስካሁን ተናደድክ የምትለኝ በቁልፉ ይመስላታል። በቁልፉማ አልፎልኛል። የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

እትዬ የሻረግ አላለቀሱም። ቀና ብለው ብዙ አዩዋት። «አለባት» አሉ በመጨረሻ። ለማናችንም አልነበረም የሚናገሩት። «አለባት፤ በዚህኛው በኩል ገፋ ያለው። እንደኔው።» ከዚያ እጃቸውን ወደ አንገታቸው ወሰዱ፣ ነጠላቸውን ፈቱ፤ አንድ ዙር፣ ሌላ ዙር። ጫፉ የረጠበውን ነጠላ ትከሻቸው ላይ ጣል አደረጉና ከእናታቸው ፊት ለፊት ቆሙ። እኔ የአባቴን እህት አንገት ያየሁት ያን ቀን ነው።

አስጎብኚው የስልኩን መብራት እንደያዘ ቀርቷል። «እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለ።

«ይቅር ብዬሃለሁ። አሁን ‘ያሠራችው ወለተ ሥላሴ፣ የየሻረግ እናት’ ብለህ ጻፍ» አሉት። ትንሽ አሰቡና፣ «ግን እዚያ ጋ ለጥፈው» ብለው ወደ ከበሮው ጠቆሙ።

ቄሰ ገበዙ መጋረጃውን አወረዱ። በሩን ወደ ማጠፊያው መልሰው ገጠሙ፤ የተከፈቱትን ሁለት ቁልፎች በየቦታቸው ቆለፉ፤ አልከፈት ያለኝንም ሁለት ጊዜ ጎተት አድርገው አረጋገጡ። ለደንቡ!

መናኸሪያ ስንደርስ የእብናቱ መኪና አንድ ወንበር ብቻ ቀርቶት ነበር። እትዬ የሻረግን አስገባሁ፤ ቀኑን ሙሉ ያልቀመሱትን ዳቦ ገዝቼ በመስኮት አቀበልኳቸው፤ ወዲያው ቆርሰው ጎረሱ። ነጠላው ትከሻቸው ላይ ነው። አጠገባቸው የተቀመጠው ሰውዬ ዘወር ብሎ አንገታቸውን አየ። ዓይኑን መለሰ። እንደገና አየ። ቀኑን ሙሉ ያጠራቀምኩት ንዴት ገነፈለ።

«ወንድም! ምን አፍጥጠህ ታያለህ?» አልኩት። በመስኮቱ ግማሽ ገላዬን አስገብቼ ነበር፤ ኮሌታውን ልይዘው።

እትዬ የሻረግ እጄን ያዙኝ። እያኘኩ ነበር፤ እስኪውጡ ጠበቅኩ።

«ተወው፣ ይየው» አሉ። «የእናቴ ነው።»